ሽማግሌ የማይገባበት ቤት፦ የቤተሰብ ድራማና የመተማ ተመልካች



በዚህ መድረክ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ ኃይሌ ገሪማ እንደምናገር ጠብቃችሁ ነበር። የጎንደር ልጅ ነውና መጠበቃችሁ አያስደንቅም። እኔ ግን ዛሬ ስለ ፊልም ተመልካች ልናገር መርጫለሁ። ተመልካች ስል በፌስቲቫል አዳራሽ ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዘውን ማለቴ አይደለም። በገንዳ ውኃ፣ በኮኪት፣ በሽንፋና በመተማ ዮሐንስ ሻይ ቤቶች በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ስለማያውቀው ቤተሰብ ጠብ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር የሚከራከረውን ሰው ማለቴ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሰው ስለ ሌላ ቤተሰብ መፈራረስ የሚተርክ ድራማ አይቶ አስተያየት ሲሰጥ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? በእኛ ዘርፍ ለዚህ የተለመደ ሰነፍ መልስ አለ። ተራ ተመልካች ገጸ ባሕርይን ከእውነተኛ ሰው ለይቶ አያይም፣ ታሪኩን እንጂ አሠራሩን አያስተውልም፣ ስለዚህም አስተያየቱ ለጥናት የሚበቃ አይደለም እንላለን። እኔም ለረጅም ዘመን ይህንኑ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ሐሳቤን መለወጥ የጀመርሁት አንድ ተማሪዬን ከበደልሁ በኋላ ነው።

በፊልም ንባብ ትምህርት ከማሳያቸው ሥራዎች አንዱ የሳም ሜንዴስ «አሜሪካን ቢዩቲ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ በዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ አምስት ኦስካር ወስዷል። ሁለት ትዕይንቶችን ሳላሳይ አልፋለሁ፤ ፊልሙን ያያችሁ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ታሪኩ የሚፈጸመው ከከተማ ወጣ ባለ፣ ሣሩ በተስተካከለ፣ ድምፅ በማይሰማበት የአሜሪካ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ሌስተር በርናም ሥራው የሰለቸው፣ ሚስቱ የናቀችው፣ ልጁ የምታፍርበት የ42 ዓመት ሰው ነው። ሚስቱ ካሮላይን ቤት እያሻሻጠች ትተዳደራለች፤ በደጃፏ ጽጌረዳ ትንከባከባለች፤ እራት የሚበሉት በጨዋ ዝምታ ነው። የጎረቤት ልጅ ሪኪ በቪዲዮ ካሜራ በመስኮት ይቀርጻቸዋል። በመጨረሻም ሌስተር በገዛ ቤቱ በጥይት ይገደላል። መጨረሻውን ስለ ነገርኋችሁ አትቆጡኝ፤ ሌስተር ራሱ ገና በመክፈቻው ይናገረዋል።

ከፊልሙ በኋላ የሚሰጠው አስተያየት ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለያይም። ገሚሱ ሌስተርን ነፃነቱን የፈለገ ሰው አድርጎ ይደግፋል። ገሚሱ ካሮላይንን ይኰንናል፤ ሴት ተማሪዎች ደግሞ ቤቱን ያቆመችው እርሷ መሆኗን ያስታውሳሉ። የቀረው የፈረንጅ ጥጋብ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ከዓመታት በፊት አንድ የሽንፋ ልጅ ግን በጽሑፍ ሥራው ከእነዚህ ሁሉ የወጣ ነገር ጻፈ። ይህን ያህል ጠብ ባለበት ቤት ሰው እንዴት አይገባም ሲል ጠየቀ። የሌስተር ወንድም የት አለ? የካሮላይን አጎት የት አለ? የሠርጋቸው ሽማግሌዎች የት ሄዱ? ጎረቤት ወደዚያ ቤት የሚዘልቀው በካሜራ ነው፤ በአካል የመጣ ዕለት ደግሞ ሽጉጥ ይዞ ነው የሚመጣው ብሎ ደመደመ።

እኔም በቀይ እስክሪብቶ፣ በፊልሙ ውስጥ ስላለው እንጂ ስለሌለው አትጻፍ የሚል ማስታወሻ ጽፌ ሲ ሰጠሁት። ተማሪው አልተከራከረኝም። ጽሑፉን በእጄ የተውሁት ለምን እንደ ሆነ ባላውቅም ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ልጁ ፊልሙን ከእኔ ይልቅ በትክክል አንብቦታል። የዚያ ታሪክ መሠረቱ የቤቱ ብቸኝነት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በኒውዮርክ አቅራቢያ እንደ ተሠራው ሌቪታውን ያሉ ሰፈሮች የታቀዱት ለባል፣ ለሚስትና ለልጆቻቸው ነው። ለአያት የሚሆን ክፍል፣ ለእንግዳ የሚሆን መደብ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዋርካ በፕላኑ ላይ የለም። የአሜሪካ የቤተሰብ ድራማ ይህን ባዶ ቦታ ሳይጠራው ይዞ ይዞራል፤ ለአሜሪካዊ ተመልካች ተፈጥሮው ስለ ሆነ አይታየውም። ከሽንፋ ለመጣ ልጅ ግን መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። የሌለውን ነገር ማየት ከንባብ ሁሉ የሚከብደው ንባብ መሆኑን በክፍል ሳስተምር የኖርሁት እኔ ነኝ፤ ሲ የሰጠሁትም እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ቆላ በወረድሁ ቁጥር ሻይ ቤት መቀመጥ ያዝሁ። የተወለድሁት ገንዳ ውኃ ነው፤ ቤተሰቤ ያለው እዚያ ነው፤ ስለዚህ ለመስክ ሥራ የሄድሁ መስዬ መቀመጥ አላስፈለገኝም። የማቀርብላችሁም መጠይቅ በትኜ የሰበሰብሁትን ሳይሆን ተቀምጬ የሰማሁትን ነው።

መተማን አብዛኞቻችን የምናውቃት ከመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ዮሐንስ የወደቁባት ምድር ናት፤ ከዚያ በኋላ በታሪክ መጽሐፋችን ድምፅዋ ይጠፋል። የዛሬዋ መተማ ግን የሰሊጥ አገር ናት። ሰሊጥ ከደረሰ ቀጠሮ አይሰጥም፤ የፍሬው መያዣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው መቆም አለበት። ስለዚህ በክረምት ለአረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ለአጨዳ፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃምና ከወሎ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። ወባውንም፣ ካላ አዛሩንም፣ ሙቀቱንም ችሎ ገንዘብ ይዞ ሊመለስ የመጣ ነው። አሠሪ እስኪያገኝ ወይም ሒሳቡ እስኪከፈለው ከተማ ውስጥ ይቆያል። ሻይ ቤቱም ያን ጊዜ ማደሪያው፣ ዕቃ ማስቀመጫው፣ ቴሌቪዥን ማያውም ይሆናል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር ወደ እነዚህ ሻይ ቤቶች የገባው በፍጥነት ነው። በአማርኛ ድምፅ የተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎች፣ በተለይም የቱርኮቹ፣ ምሽቱን ያዙት። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ክርክር የሰማሁበት «ኩዚ ጉኒ» ነው። በቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 የታየ ሥራ ሲሆን ኩዚና ጉኒ የሁለት ወንድማማቾች ስሞች ናቸው፤ ትርጉማቸው ሰሜንና ደቡብ ነው። አባታቸው ሳሚ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ቤቱን የሚገዛው በቁጣና በእጁ ነው፤ ቁጥብ የሆነውን ጉኒን ያከብራል፣ አመለኛውን ኩዚን ይንቃል። እናታቸው ሃንዳን ሁሉንም ችላ ትኖራለች። አንድ ሌሊት ጉኒ መኪና ሲያሽከረክር ሰው ይገድላል። ኩዚ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ አራት ዓመት ይታሰራል። ሲፈታ ወንድሙ ተምሮ ሰው ሆኖ፣ ሁለቱም የሚወዷትን ልጅ ይዞ ያገኘዋል።

አንድ የጥቅምት ምሽት በመተማ ዮሐንስ ይህ ድራማ ሲታይ ተቀምጬ ነበር። ክርክሩ የተነሣው ጉኒ ለኩዚ ምን ይከፍለዋል በሚለው ነው። ይወደዋል ወይስ አይወደውም የሚል ጥያቄ ማንም አላነሣም። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ አራቱን ዓመት በአራት የአጨዳ ወቅት አስልቶ፣ በየወቅቱ የሚገኘውን ገንዘብ ደምሮ፣ የበሬ ዋጋ ጨምሮበት ካሣውን ተናገረ። ሌላው ለወንድም ጥላ መሆን ካሣ አይጠየቅበትም፣ የሚጠየቅበት ውለታውን የካደ እንደ ሆነ ብቻ ነው ብሎ ተቃወመው። ከሁሉም ሸምገል ያለው ደግሞ ነገሩ ከልጆቹ አይጀመርም፤ መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት አባትየው ነው፤ ልጅ ከልጅ ያበላለጠ እርሱ ነውና ጥፋቱ ከእርሱ ይቆጠራል አለ። ዋስ ይጠራ ያለም ነበር። ኢስታንቡል ላለ ዳቦ ጋጋሪ ማን ዋስ እንደሚሆን ባይገባኝም ማንም አልሳቀም።

እነዚህ ሰዎች ምን እያደረጉ ነበር? ሽምግልና ተቀምጠው ነበር። በዳይና ተበዳይ ለይተው፣ የነገሩን መነሻ ፈልገው፣ ካሣ ተምነው፣ የእርቁን ቅደም ተከተል አወጡ። በዘርፋችን ቋንቋ ገጸ ባሕርይን ከሰው አምታተዋል ልንል እንችላለን። እኔ ግን አንድም የተምታታበት ሰው አላየሁም። ኩዚ ተዋናይ መሆኑን፣ ድምፁም አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዳ የሌላ ሰው ድምፅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እንዲያውም ድምፁ ከከንፈሩ ሲቀድም ይቀልዱበታል። ነገሩን እንደ እውነት የያዙት ጉዳዩ እውነተኛ ስለ ሆነ ነው።

እውነተኛነቱን ለማየት ተመልካቹ ማን እንደ ሆነ ማስታወስ ይበቃል። በደጋው መሬት ጠብቧል። አንድ አባት ለአራት ወንዶች ልጆች የሚያካፍለው ማሳ የለውም። ከልጆቹ አንዱ ትምህርት ቤት ይቆያል፣ ሌላው ሰሊጥ ይወርዳል። የሚወርደው ለሚማረው የደብተርና የቤት ኪራይ ይልካል። ማን እንደሚማር፣ ማን እንደሚወርድ የሚወስነው ብዙ ጊዜ አባት ነው። የወረደው ልጅ ይህን በደል ብሎ ሊጠራው አይችልም፤ ወንድሙን ወዶ ነው የወረደው። በደል አይደለም ብሎም ሊተወው አይችልም። በዚያ ምሽት ከጥግ ተቀምጦ ዝም ያለ አንድ ወጣት ነበር፤ በመጨረሻ ጉኒ በእነዚያ አራት ዓመታት ደብዳቤ ልኮለት ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም። የሻይ ቤቷ ባለቤት ብርጭቆ እያነሣች፣ ያንተስ ወንድም ደውሎልህ አያውቅም ወይ ብላ ጠየቀችው። ልጁ ሳቅ ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

እዚህ ላይ ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ቃል ላንሣ፤ ገመና። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብዙ ሰው ያሰባሰበ ድራማ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ገመና የቤት ውስጥ ነውር ብቻ አይደለም፤ ተሸፍኖ እንዲቆይ ግዴታ ያለበት ነውር ነው። የሸፈነው ይመሰገናል፣ የገለጠው ይነቀፋል። ሽምግልናም ቢሆን የሚደረገው በጥቂት ሰዎች መካከል ነው፤ የተሰማው አይወራም። እንግዲህ የራሱን ቤት ነገር ማውራት የተከለከለ ሰው የሌላ ሰው ቤት በመስኮት ሲከፈትለት ምን ያደርጋል? በዚያ ቤት ላይ ይፈርዳል፤ ፍርዱም የራሱን ቤት ነገር ሳይነካ ነክቶት ያልፋል። የወጣቱ ጥያቄ ከማንም በላይ ያስጨነቀን ስለዚህ ነው። ከደንቡ ውጭ የሆነችው የሻይ ቤቷ ባለቤት ናት።

ይህን ስል የባህል መበረዝ ጥያቄ የሚነሣባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የአገራችን የፊልምና የቴያትር ባለሙያዎች የቃናን አካሄድ በይፋ ተቃውመዋል። ከፊል ክርክራቸው የእንጀራ ነው፤ በእርሱ ከእነርሱ ጋር ነኝ። በውጭ ገንዘብ የተሠራን ውድ ድራማ ድምፅ ብቻ ቀይሮ ማሳየት አንድ ክፍል አዲስ ከመሥራት እጅግ ይረክሳል፣ ውድድሩም እኩል አይደለም። ስለ ባህል ያሉት ግን ከዚያች ሻይ ቤት ጋር አይገጥምልኝም። ተመልካቹ የቱርኩን ቤተሰብ ወደ ራሱ ሸንጎ አመጣው እንጂ ወደ ቱርክ አልሄደም። ይህ ሥጋት የእኛ ብቻም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 «ኑር» የተባለው የቱርክ ድራማ በዓረብኛ ድምፅ ሲታይ የሳዑዲ ዓረቢያ ታላቁ ሙፍቲ አውግዘውት ነበር። በሁለት የዘመን አቆጣጠር አንድ ዓይነት ቁጥር መግጠሙ ያስቀኛል። ይህን «ኑር» ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁና አትርሱት።

እንዲያውም የራሳችንን ፊልም ታሪክ ብናይ የሻይ ቤቱ ጥያቄዎች ባዕድ አይደሉም። በ1957 ዓ.ም. የታየው የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልማችን ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ሂሩት አባቷ ማነው»። ከዚያ በ1966 ዓ.ም. ገደማ የመጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ስሙን ያገኘው ከደም ካሣ ሥርዓት ነው። አባቱ ማነው፣ ካሣው ስንት ነው፤ ሲኒማችን አፉን የፈታው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ዳይሬክተሮቹ የግሪክ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ቢሆኑም ጥያቄዎቹን ያነሡት እዚሁ ነው።

እስካሁን ሸንጎውን አመሰገንሁ፤ አሁን ልውቀሰው። በዚያ ምሽት ሳሚ ተከሰሰ፣ ተወቀሰ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይቅር ተባለ። ሃንዳንን ማንም አልጠየቃትም። ለተመታችው ካሣ የተመነላት፣ የእርሷን ቃል እንስማ ያለም አልነበረም። የታሰበው እንዴት ወደ ባሏ እንደምትመለስ ብቻ ነው። ይህም የእውነተኛው ሽምግልናችን ሕመም ነው። ሽምግልና ቤቱን ያድናል፤ በቤቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ማዳኑ ግን ሁልጊዜ የተረጋገጠ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ሴት ባለጉዳይ ሆና ትቀርባለች እንጂ ፈራጅ ሆና አትቀመጥም። በሻይ ቤትም ማታ የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። ስለዚህ የሴቶቹን ፍርድ መስማት የሚሻ ሰው ቡና የሚፈላበት ቤት መግባት አለበት። እኔም የገባሁት ወደማውቀው ቤት ነው።

አባቴ ነጋዴ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ መተማንና ሁመራን ይዞ አገሩ በተረበሸ ጊዜ እንደ ብዙ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ ለንግድ ሄዷል ትለን ነበር። አሥር ዓመት አለፈ፣ አሁንም ለንግድ ሄዷል። እዚያ ሌላ ቤት መሥራቱን፣ ሌላ ልጆች መውለዱን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እኔም በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ከሰው ሰምቻለሁ። በቤታችን ግን ነገሩ አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ለሥራ ሳመለክት፣ ስዳር፣ ዶክትሬቴን ስይዝ፣ ስለ አባቴ ለሚጠይቅ ሁሉ እናቴ የምትመልሰው ያንኑ ነው። ሞቱን ስንሰማ እንኳ ለቅሶ የተቀመጠችው በሱዳን ለንግድ ሳለ ለሞተ ባሏ ነው።

ወንድሜ «ኩዚ ጉኒ»ን በፍላሽ ቀድቶ ስለ ሰጣት ደጋግማ ታየዋለች። አንድ እሑድ ቡና እየተፈላ አብረን እያየን ሳለ ሳሚ ጮኸ፣ ሃንዳን ልጆቿን ዝም አሰኘች። እንደ ልማዴ ስለ ትዕይንቱ አንድ ነገር ተናገርሁ፤ ሴትዮዋ ብዙ ታገሠች፣ ያሳዝናል ያልሁ ይመስለኛል። እናቴ ከረከቦቱ ዓይኗን ሳታነሣ ፈረደች። የሴትዮዋ ጥፋት መታገሧ አይደለም፤ አባታቸውን ሸፍና ማሳደጓ ነው አለች። ልጅ ስለ አባቱ ማወቅ ያለበት ከእናቱ ነው፤ ያለዚያ ከመንገድ ያገኘዋል፣ ከመንገድ ያገኘውንም ለእናቱ ሊነግራት ያፍራል፤ ሁለቱም ተፋፍረው ይኖራሉ አለች። ከዚያም ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

እኔ፣ የሥነ ጽሑፍና የፊልም መምህሩ፣ ስለ ሃንዳን የተነገረ አስተያየት ሰማሁ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ወደ ጎንደር ስመለስ፣ መኪናው አይከልን እንዳለፈ፣ ምን እንደ ሰማሁ ገባኝ። ወደ 40 ዓመት ገደማ ያልተነሣው ነገር ተነሥቶ፣ ተፈርዶበት፣ ፋይሉ ተዘግቶ ነበር። እናቴ በዳይም፣ ተበዳይም፣ ሽማግሌም ሆና ተቀምጣለች። የፈረደችው በአባቴ ላይ እንኳ አይደለም። የዚያን ዕለት አብሬአት ሸንጎ እንደ ተቀመጥሁ ባውቅ ኖሮ አንድ ቃል እናገር ነበር፤ ቢያንስ ከመንገድ ያገኘሁትን ያፈርሁት እኔም ነኝ እላት ነበር።

ሻይ ቤቱ ይቅር ያለውን ቤት የቡናው ሸንጎ ይቅር አላለም። ሁለቱም ያዩት አንድ ድራማ ነው። ስለ ተመልካች አስተያየት የምታጠኑ ተማሪዎች፣ ወደደው ወይስ ጠላው የሚለውን ጥያቄ ትታችሁ ማን በማን ላይ ፈረደ፣ ማንን ሳይጠይቅ አለፈ ብላችሁ እንድትጀምሩ የማሳስባችሁ ለዚህ ነው። የሽንፋው ልጅ ጥያቄ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በ«አሜሪካን ቢዩቲ» ፈተናዬ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እርሱ ተመርቆ ስለ ሄደ የእርሱን ውጤት ማስተካከል አልቻልሁም።

አሁን ወደ «ኑር» ልመለስ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው በጋላባት በኩል፣ ያችን ትንሽ ድልድይ አልፎ፣ ወደ መተማ ገባ። በዚያ ክረምት አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ገንዳ ውኃ ደረሰች፤ የአባቴን ስም እየጠራች ጠይቃ ቤታችንን አገኘች። የአባቴ ልጅ ናት፤ እህቴ። ተወልዳ ያደገችው ሱዳን ነው፤ አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ስልክ ተደውሎልኝ በማግሥቱ ደረስሁ። እናቴ አብልታ አጠጥታቸዋለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ግን አልወጣትም። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ከልጆቹ አንዱ ቴሌቪዥኑን አየና ከፈቱለት፤ ፍላሹ እንደ ተሰካ ነበር። ኩዚ ብቅ ሲል እህቴ ሳታስበው ሙሐነድ ብላ ጮኸች። እናቴ ኩዚ ነው ብላ አረመቻት። እህቴ አሁንም ሙሐነድ ነው አለች። ለማስታረቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፦ ተዋናዩ ኪቫንች ታትሊቱግ በ«ኑር» ውስጥ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ በዓረብኛው ሙሐነድ ተብሎ ነው የታወቀው፤ በሱዳንም እንደ መላው ዓረብ አገር ስሙ ይኸው ነው። ለእናቴ በታሰረው ልጅ አምሳል የኖረው ሰው ለእህቴ በሌላ ቤት ባል ሆኖ ኖሯል።

እናቴ ሙሐነድ በዚያኛው ቤት ምን እንዳደረገ ጠየቀች። እኔ በደካማ ዓረብኛዬ አስተላለፍሁ፤ በደካማ ዓረብኛዬም መልሱን ተቀበልሁ። ሙሐነድ ኑር የምትባል ልጅ በአያቱ ፈቃድ አግብቶ፣ ቀስ በቀስ ወደዳት፤ በኋላ ግን ከሌላ ሴት የተወለደ ልጅ እንዳለው ታወቀ አልሁ። እናቴ ጥቂት አሰበች። ሚስቲቱስ ልጁን ምን አደረገችው ብላ ጠየቀች። እህቴ ረዘም አድርጋ መመለስ ጀመረች፤ በመካከሉ ድምፅዋ ተለወጠ፣ እኔም ቃላቱ አመለጡኝ። አስደግሜ ልጠይቃት ስል እናቴ በእጇ ተው አለችኝ። ተነሥታ ወጣች። ሙቀት ነበርና ሰው የሚተኛው ደጅ ነው፤ የገመዱን አልጋ እየጎተተች ከራሷ አልጋ አጠገብ አስጠጋችው፣ አጎበሩንም ለልጆቹ ሰቀለችላቸው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።